አንድ መቶ ስድሳ አራት ወንበር

ሲሃም እንድሪስ የዩኒቨርሲቲዋን ደብዳቤ በላስቲክ ጠቅልላ ከሞጣ ቢቸና የገባች ዕለት ዝናቡ ለጉድ ይወርድ ነበር። ሦስተኛ ዓመት የጨረሰች የአካውንቲንግ ተማሪ ናት። ክረምቱን በአንድ የሒሳብ ድርጅት ሠርታ፣ ኃላፊው የምዘና ቅጹን ሞልቶ ማኅተም ካላሳረፈበት አራተኛ ዓመት የሚባል ነገር የለም። ቅጹ እስከ ነሐሴ ሠላሳ መግባት አለበት። አባቷ ደግሞ ሞጣ ገበያ ጨርቅ በለኩ ቁጥር «ልጄ በመጪው ዓመት ትመረቃለች» እያሉ አገር ምድሩን አስመስክረዋል። ቅጹ ባዶውን ቢመለስ ገበያ መሀል የሚያፍሩት እሳቸው ናቸው፤ ሲሃምን እንቅልፍ የነሳትም ይኸው ነው።

ድርጅቱ ድርጅት ይባል እንጂ አንዲት ክፍል ነው። ኃላፊውም ሠራተኛውም አቶ ሀብተ ሥላሴ ናቸው። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ከርመው ኋላ ኦዲተር የሆኑ ሰው ናቸው፤ ያ አመል ግን አልለቀቃቸውም። አንዲት አንቀጽ እጃቸው ከገባች አያድርስ ነው፤ እስክትደክም ያገላብጧታል። ኮምፒውተርም አላቸው። ጥልፍ ልብስ ለብሶ ጥግ ተቀምጧል። ሲሃም ክረምቱን ሙሉ ሲበራ አላየችም፤ ጥልፉ ግን በየሳምንቱ ይታጠባል።

«ሥራሽ አንድ ነው» አሏት ገና ጃንጥላዋን ሳታጥፍ። «የሰፈሩ እድር ፈቃዱን ለማሳደስ የንብረት ቆጠራ ተጠይቋል። መዝገቡ አንድ መቶ ስድሳ አራት ወንበር ይላል። ቆጥረሽ ከመዝገቡ ጋር ካስማማሽልኝ ማኅተሜን አሳርፋለሁ። ካልተስማማ አላሳርፍም።»

ሲሃም በሆዷ ሳቀች። ለዚህ ነው ሦስት ዓመት የተማርኩት፣ ከምሳ በፊት የምጨርሰው ሥራ ነው አለች። ምስኪን።

የእድሩ መጋዘን ጣሪያ በነፋስ ከተገነጠለ ሁለት ዓመቱ ነው። ወንበሮቹ ያን ጊዜ ለአባላት በአደራ ተበትነዋል፤ ለአንዱ ሁለት፣ ለአንዱ አራት።

«ታዲያ ቤት ለቤት ዞሬ እቆጥራለኋ» አለች።

«አምና ሞክሬዋለሁ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት አገኘሁ።»

«እንዴት ሆኖ ጋሼ?»

«ቆጣሪ መጣ ሲባል የጎደለበት ሁሉ እንዳያፍር ከጎረቤት እየተዋሰ ሞልቶ ይጠብቃል። አንዷ ወንበር ላይ ስድስት ቤት ተቀምጬባታለሁ። በመጨረሻማ ተዋወቅን። ስለዚህ ሁሉም ወንበሮች ባንድ ሰዓት ባንድ ድንኳን ሥር መገኘት አለባቸው።»

«እንሰብስባቸው ታዲያ።»

አቶ ሀብተ ሥላሴ የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ ገለጡ። አንቀጽ አሥራ አራት፤ የእድሩ ንብረት ያለ ለቅሶ ከተቀመጠበት አይንቀሳቀስም። ድሮ አንዱ አባል ወንበሮቹን ለሠርግ ወስዶ ግማሹን አሰባብሮ ስለመለሳቸው የወጣ ሕግ ነው።

«መቼ ነው እንግዲህ የምቆጥረው?»

«ሰው ሲሞት» አሏት፣ የባንክ ሰዓት እንደሚነግር ሰው ረጋ ብለው።

ሰው ግን አልሞተም። ሐምሌ ሙሉውን አለፈ፤ ከዚያ እድር አንድም ሰው ንቅንቅ አላለም። ሲሃም ጠዋት ጠዋት አክስቷ ዘይዳ ቤት ስትነቃ መጀመሪያ የምታደርገው የእድሩን ጡሩምባ ማዳመጥ ሆነ። የምትሰማው የዝናብና የባጃጅ ድምፅ ብቻ ነው። የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ምንይሉ ቅን ሰው ስለሆኑ ሊያግዟት ተነሡ። በጠና የታመሙ አባላትን ስም በደብተር ጽፈው በየሰኞው ቢሮ ብቅ ይላሉ።

«አያ ፋንታ ሳሉ በርትቶባቸው ነበር» አሏት አንድ ሰኞ። «ትናንት ግን ተነሥተው ገበያ ወጡ።»

«ወይኔ!» አለች ሲሃም።

ካፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። ያን ቀን ምሳ አልበላላት አለ። እንዲህ ዓይነት ሰው መሆኗን አታውቅም ነበርና ራሷን ጠላች። ማታ ሦስት ኪሎ ሙዝ ገዝታ አያ ፋንታን ልትጠይቅ ሄደች። ሽማግሌው ይቺ የማያውቋት ልጅ ለምን ልትጠይቃቸው እንደመጣች አልገባቸውም፤ ሙዙን ግን በሉ። አክስቷ ዘይዳም ነገሩን ልብ ብላ ኖሮ ጠየቀቻት።

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ‹ደኅና ነኝ› ባለሽ ቁጥር ፊትሽ የሚጠቁረው ለምንድን ነው?»

ነሐሴ ሃያ ሲደርስ አቶ ምንይሉ በደብተሩ አናት ላይ ወዳሉት ወደ ወይዘሮ ይርጋነሽ ቤት ይዘዋት ሄዱ። ይርጋነሽ ሦስት ዓመት ሙሉ ዛሬ ነገ ሲባሉ የኖሩ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጅ የሌላቸው ሴት ናቸው። ጋቢ ያለበሷት ወንበር ላይ በራቸው ሥር ተቀምጠው ዝናቡን ያያሉ።

«ወንበር ቆጣሪዋ አንቺ ነሽ?» አሉ ገና ሳትቀመጥ።

«አዎ እማማ።»

«እኔን እየጠበቅሽ ነዋ።»

ሲሃም መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አቶ ምንይሉ ደብተሩን ኮታቸው ውስጥ ከተቱ።

«አትፈሪ። እኔም እየጠበቅሁ ነው፤ የቀረው ሞት ነው» አሉ ይርጋነሽ። «እስቲ ያን ደንብ አንብቢልኝ።»

አነበበችላቸው።

«‹ያለ ለቅሶ› ነው የሚለው። ‹ያለ ሬሳ› ይላል?»

«አይልም እማማ።»

«እንግዲያው የኔን ለቅሶ ቅዳሜ አድርጉት። አርባ ዓመት ከፍያለሁ። ስሞት አላየው፤ ማን እንደመጣ ማን እንደቀረ ዓይኔ ሳይጠፋ ልየው።»

አቶ ሀብተ ሥላሴ ይህን ሲሰሙ በር ዘግተው ሲያሰላስሉ ዋሉ። ወደ አሥር ሰዓት ብቅ ብለው «ልክ ናቸው» አሉ። ንባቡን ራሳቸው ቀድመው ባለማግኘታቸው ትንሽ ያኮረፉ ይመስሉ ነበር።

ቅዳሜ ድንኳኑ ተተከለ። ጡሩምባ ነፊው ነገሩ ተነግሮታል፤ ግን አፉ ለምዶበት ኖሮ «ወይዘሮ ይርጋነሽ አርፈዋል» ብሎ በየመንደሩ ለፈፈ። ሰው በዝናቡ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ወንበሩን ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ ጎረፈ። ይርጋነሽ ከበራቸው ሆነው የሚያለቅሰውን አንድ በአንድ ያያሉ፤ ደረቅ ዓይን ይዞ የመጣውን በስሙ እየጠሩ ይወቅሳሉ። እህላቸውን ወፍጮ ቤት ትተው የመጡ ሴቶች ሟቿን ቁመው ሲያገኟቸው ሳቁ፤ ከዚያ ደግሞ መጥተናል ብለው አለቀሱ። የወንድማቸው ልጅ ገብረ ሕይወት ከመርጡለ ማርያም በኮንትራት መኪና እያነባ ደረሰ። አክስቱ ሽሮ ሲበሉ ባያቸው ጊዜ ቁጣው ለመንደሩ ተረፈ።

«ይኸን ሁሉ ብር ከፍዬ!»

«ከፈልክማ ተቀመጥና አልቅስ፤ ገንዘብህ በከንቱ አይቅር» አሉት አክስቱ።

ተቀመጠ፤ አለቀሰም። እውነተኛ ለቅሶ ነበር፤ አክስቱን ሊጠይቅ ከመጣ አራት ዓመት አልፎታል።

ሲሃም ቆጠራውን ጀመረች። የእድሩ ወንበር ሁሉ ከመቀመጫው ሥር ቀይ ቀለም ተቀብቷል፤ ስለዚህ ለቀስተኛው በተራ እየተነሣ ወንበሩን ይገለብጥላታል፣ እሷ በጠመኔ ታሰምራለች፣ እሱ ተቀምጦ ካቆመበት ያለቅሳል። ቆጥራ ጨረሰች። አንድ መቶ ስድሳ ሦስት። ደግማ ቆጠረች፤ ያው ነው። አንዲት ወንበር የለችም። እስከ ነሐሴ ሠላሳ የቀረው ስድስት ቀን ብቻ ነው፤ የአባቷ ፊትም መጣባት።

ልትሰናበት ወደ ይርጋነሽ ገባች። ሴትዮዋ ጋቢያቸውን ወንበሯ ላይ ትተው ገብረ ሕይወትን ለመሸኘት ብድግ ብለው ነበር። ጋቢው ተንሸራቶ ወደቀ። ሲሃም ልታነሣው ጎንበስ ስትል ከመቀመጫው ሥር ቀዩን ቀለም አየች።

ይርጋነሽ ተመልሰው ሲያገኟት እንዳጎነበሰች ነች። ለመዋሸት አልሞከሩም።

«ባለቤቴ የሞተ ጊዜ የመጣች ናት» አሉ። «በሦስተኛው ቀን ሁሉንም ጭነው ሄዱ። ቤቱ ጭር ሲልብኝ አንዷን ጓዳ ደበቅኋት። እንጃ ልጄ፤ እሷ ካለች ገና የሚመጣ ሰው ያለ ይመስለኛል። አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ።» ወንበሯን ወደ እሷ ገፋ አደረጉላት። «በይ ጫኛት። ልጅ ነሽ፤ ማኅተምሽ አይቅርብሽ።»

ውጭ ወንበር የሚሰበስበው ጋሪ ቆሟል። ሲሃም ወንበሯን አስተካክላ አቆመች፤ ጋቢዋን አለበሰቻት።

«ይቀመጡ እማማ» አለች።

ሰኞ አቶ ሀብተ ሥላሴ ሪፖርቱን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አነበቡ። «በድንኳን ሥር የተገኘ፣ አንድ መቶ ስድሳ ሦስት። ለቅሶ ላይ ያለ፣ አንድ።»

«ይኼኛው ለቅሶ የማን ነው?»

«የእማማ ይርጋነሽ ባለቤት።»

«እሳቸው ከሞቱ ስንት ዓመታቸው?»

«አሥራ አንድ።»

«ለቅሶው አላበቃም?»

«አላበቃም ጋሼ።»

«በምን አወቅሽ?»

«በዓይኔ አይቻለሁ።»

አዛውንቱ ደንቡን ሳቡና አንቀጽ አሥራ አምስትን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፤ ለቅሶው ሲያበቃ ንብረቱ ወደ ቦታው ይመለሳል።

«ካላበቃ አይመለስም» አሉ ለራሳቸው። «መዝገቡ ልክ ነው።»

ከዚያ የዩኒቨርሲቲውን ቅጽ አወጡ። «የተማሪዋ ጠንካራ ጎን» ከሚለው ፊት ለፊት በዚያ የቅኔ ቤት ጽሕፈታቸው «የሚጫነውን ከማይጫነው ትለያለች» ብለው ጻፉ። ማኅተሙን ሁለት ጊዜ እፍ አሉበትና አሳረፉት።