ሁለት ነጥብ

ትርሲት ሞጣ ላይ መድኃኒት ቤት ከከፈተች ሁለት ዓመቷ ነው። ከሰኔ ወዲህ ግን «እውነት ነጋሪ» ነኝ የሚል ስሙን የደበቀ ሰው በከተማው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ትሸጣለች፣ ጋለሞታ ናት እያለ ስሟን ሲያጠፋ ከረመ። ደንበኞቿ በሯን እያዩ ያልፉ ጀመር።

አንድ ቀን ስድቦቹን ሁሉ የሐኪም ማዘዣ እንደምታነብ ቀስ ብላ መረመረቻቸው። ሰውየው በስልክ ሲጽፍ እንኳ በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ ያደርጋል። ይህ የቆሎ ተማሪ ልማድ ነው። እንዲህ የሚጽፍ የምታውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ቢቸና ማመልከቻ የሚጽፈው ወልደ ኪዳን። ድሮ ለጋብቻ ጠይቋት እንቢ ብላዋለች።

«ሱቁን ዝጊው ስልሽ አልሰማ አልሽ» አላት የአክስቷ ልጅ አለበል። «በይ አሁን ስሙን ብቻ ጥሪልኝ።»

«ምን ልታደርገው?»

«ሻይ ልጋብዘው ነዋ!» ብሎ ሳቀ። ኮቱ ወገቡ ላይ በሽጉጡ አብጧል።

ስሙን ነገረችው። አለበልም በመጀመሪያው መኪና ሄደ።

አለበል ይደውላል እንጂ ጽፎላት አያውቅም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን መልእክት ገባላት።

«ቢቸና፡ገብቻለሁ፡ሰውየውን፡አግኝቼዋለሁ።»

ትርሲት ነጥቦቹን አየቻቸው። አለበልና ወልደ ኪዳን በልጅነታቸው አንድ የኔታ ዘንድ እንደተማሩ ያን ጊዜ ትዝ አላት። «ተው፣ እሱ አይደለም» ልትለው ለአለበል ደወለች። ስልኩ ይጠራል፤ የሚያነሳው ግን የለም።