ስፖኪዮ ለብቻው ይሸጣል

አክመልና እህቱ ራዲያ ሰበታ ላይ ጌም ቤት አላቸው። ሁለት ስክሪን፣ ሁለት ሶፋ፣ ብዙ ጩኸት ያለበት ቤት ነው። ከሶፋዎቹ አንዱ መሀሉ ስለተሰበረ እሱ ላይ የተቀመጠ ሰው የሚነሳው በጓደኛ እርዳታ ነው። ራዲያ ሶፋው ይቀየር ብትልም አክመል አዲስ የወጣውን የከባድ መኪና ጌም ካልገዛሁ ብሎ ድርቅ አለ። ገዛውም። ቅናሽ ሳይጠብቅ፣ ኮፒ ሳያፈላልግ፣ እንደ ጨዋ ሰው ሙሉ ዋጋውን ከፍሎ። «ኦሪጅናል ነው» እያለ የዲስኩን ማቀፊያ ለገባ ለወጣው ሁሉ አሳየ። የጎረቤት ሕፃን ሳይቀር እንዲነካው ተፈቅዶለት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ጌሙን ለመጀመር የበቁት ኦቦ ገርባ ናቸው። ኦቦ ገርባ ከገላን ፋብሪካዎች ጭነት እያነሱ እስከ ተጂ የሚያደርሱ የኤፍኤስአር ሹፌር ሲሆኑ፣ መኪናቸው ጋራዥ በገባች ቁጥር እዚህ መጥተው መኪና ይነዳሉ። ሰው ከሥራው ሲያርፍ ሌላ ነገር ሊሠራ እንደሚችል የነገራቸው ያለ አይመስልም።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ገርባ! ይኼን ያመጣሁት ለእርስዎ ብዬ ነው» አለ አክመል።

«ፈያዳ፣ ፈያዳ። እስቲ የታለች?»

ስክሪኑ ላይ አንዲት ቀይ መኪና ብቅ አለች፤ ጭቃ ነክቷት አያውቅም። ኦቦ ገርባ እንትፍ እንትፍ አሉላት። ከዚያ ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉ።

«ስፖኪዮዋን ማን ወሰደው?»

ከጎናቸው የቆመው ኢብሳ፣ እንግሊዝኛ በመቻሉ ሰፈሩን የሚያሰለች ወጣት፣ ጽሑፉን አነበበ። «ስፖኪዮ ለብቻው ይሸጣል ይላል፣ ፋዘር።»

«ማል ጄቹዳ? ምን ማለት ነው ለብቻው? መኪናዋ ተገዝታ የለም እንዴ?»

«መኪናዋማ ተገዝታለች። የግራና የቀኝ መስታወቷ ግን አብሮ አይሸጥም።»

ኦቦ ገርባ ያለ ስፖኪዮ ተነሱ። የመጀመሪያውን ዳገት እንደጨረሱ ነዳጅ ሊያልቅ ደረሰ። ማደያው ጋ ሲደርሱ ረጅም ሰልፍ ጠበቃቸው። አልማዝ የሚባለው የጌሙ ገንዘብ ያለው ቀድሞ ይቀዳል፣ የሌለው ተራውን ይጠብቃል። አልማዙ ደግሞ የሚገዛው ኪስ ውስጥ ባለው በእውነተኛው ገንዘብ ነው።

ኦቦ ገርባ ጆይስቲኩን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። «ሰኞ ማደያ ስሰለፍ ነው የዋልኩት። አሁን ደግሞ ከፍዬ ልሰለፍ?»

«ግራፊክሱን ግን አይተውታል፣ ፋዘር?» አለ ኢብሳ። «የሰልፈኛው መልክ እንኳን አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም።»

እንደምንም ተራቸው ደርሶ ቀድተው ሲወጡ ዝናብ መጣ። ዝናቡ በነፃ ነው። የዝናብ መጥረጊያው ግን በነፃ አልነበረም። መስታወቱ ውኃ ብቻ ሆነ፣ ቀይዋ መኪናም ከነጭነቷ ገደል ገባች። ወዲያው ስክሪኑ በርችት ደመቀ፦ ማንሻ ክሬን፣ ለዛሬ ብቻ በግማሽ ዋጋ!

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ግን ተረኞቹ ራሳቸው ገደል እስኪገቡ ድረስ ነበር። ከቡራዩ ድረስ ይኼን ጌም ብሎ የመጣው ዘርሁን ከኦቦ ገርባ ከፍ ካለ ቦታ ወደቀ፤ ኢብሳም ተከተለው። ከዚያ ሁሉም ወደ አክመል ዞረ፤ የመኪናዋን ስፖኪዮ እሱ ፈትቶ የሸጠው ይመስል።

«ሌባ ቤት!» አለ ዘርሁን።

«እኔ ነኝ እንዴ የሠራሁት? እኔም እኮ ተበልቻለሁ!» ቢል የሰማው የለም።

አክመል በኢብሳ እንግሊዝኛ ለካምፓኒው አቤቱታ ላከ። መልስ ቶሎ መጣ። ካምፓኒው ስለ አስተያየቱ ከልብ አመስግኖ፣ ለትዕግሥቱ ማካካሻ ጌሙ ውስጥ ላለው ሹፌር የሚሆን ኮፍያ በስጦታ ልኮለታል። ሹፌሩ ግን ከውጭ አይታይም። እሱን የሚያሳየው ካሜራ ለብቻው ይሸጣል።

በሳምንቱ አክመል ካርቶን ላይ በትልቁ ጽፎ ግድግዳ ላይ ለጠፈ፦ ወንበር ለብቻ። ድምፅ ለብቻ። ጥሩው ሶፋ ለወርቅ አባላት ብቻ። ያነበበ ይስቃል፣ ስቆም የእሱ ብሶት ይገባዋል ብሎ ነበር።

ኢብሳ መጣና አነበበ። አክመል ሳቁን ጠበቀ።

«የወርቅ አባል መሆን ስንት ነው?» አለ ኢብሳ።

አክመል አፉ ላይ የመጣለትን ዋጋ ጠራ። ኢብሳ ከፍሎ ጥሩው ሶፋ ላይ ተዘረጋና የቆሙትን ቁልቁል ያያቸው ጀመር፤ ከተቀመጠበት ሆኖ ይኼን እንዴት እንደቻለ እሱ ያውቃል። ዘርሁን ይኼን ሲያይ ከወርቅ የሚበልጥ ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀ።

«አልማዝ አለ» አለ አክመል፣ ከየት እንዳመጣው ሳያውቅ። «አልማዝ ትራስ አለው።»

«ትራሱ የእማዬ ነው» አለች ራዲያ።

«አሁን የአልማዝ ነው።»

ቀልዱ በዚያው ቀልድነቱን ተወ። አክመል የድምፅ ያልከፈሉትን ድምፅ አጥፍቶባቸው፣ ሁለተኛው ስክሪን ላይ ኳስ ሲጫወቱ ጎል ባገቡ ቁጥር በገዛ አፋቸው ሲጮኹ እያየ፣ ካምፓኒውን ያን ያህል መርገሙ ትንሽ እንዳልበዛ ያስብ ጀመር።

ከሰዓት በኋላ ኦቦ ገርባ ጉልበታቸውን እያሹ ገቡ። የሚወዱት ጥሩው ሶፋ ጫፉ ባዶ ስለነበር ተቀመጡ።

«ይቅርታ ፋዘር፣ እሱ የአባላት ነው» አለ ኢብሳ።

ኦቦ ገርባ ወደ አክመል አዩ። አክመል ወደ ስክሪኑ አየ። ሽማግሌው ቀስ ብለው ተነሱ፣ «እሺ ልጄ» አሉና ወጡ።

ራዲያ ወንድሟን ትክ ብላ አየችው። «ካምፓኒው እንኳን ኮፍያ ልኳል። አንተ ምን ትልክላቸዋለህ?»

አክመል ተስፈንጥሮ ወጥቶ ባጃጅ ተራው ጋ ደረሰባቸው።

«ኦቦ ገርባ፣ ይመለሱ እባክዎ። ቀልድ ነበር እኮ።»

«ማን ሳቀ?» አሉ፣ ሳይቆጡ።

አክመል ክንዳቸውን ያዘ፤ ትንሽ ካስለመኑት በኋላ አብረውት ተመለሱ። ሲገቡ ራዲያ ካርቶኑን ቀዳድዳው፣ ገንዘብ እየመለሰች ነበር። ኢብሳ ወርቅነቱን በሰላም አስረከበ። ዘርሁን ግን አልማዝ አንዴ ከተሰጠ አይነሳም፣ ትራሱን አልለቅም ብሎ ተሟገተ፤ ራዲያ ከሥሩ መንጭቃ ወሰደችበት።

አክመል የመኪናውን ዲስክ አውጥቶ የድሮውን የኳስ ጌም ከተተ። ኦቦ ገርባ ኳስ ነክተው አያውቁም፤ ያም ሆኖ ጥሩው ሶፋ ላይ ከራዲያ ጋር ተቀመጡ። ጆይስቲኩን እንደ መሪ ወዲያና ወዲህ እያዞሩ፣ ተጫዋቹን ጡሩምባ በሚያስነፋ ፍጥነት እያስሮጡ ኳሷን መረብ ውስጥ ጨመሯት። ቤቱ በጩኸት ተናጋ።

«ገባ አይደል?» አሉ ዞር ብለው፣ ፊታቸው በርቶ።

«ገባ!» አለች ራዲያ። በማን ጎል እንደሆነ አልነገረቻቸውም።