ቀና ማለት ያቃተው እርግብ አብራሪ

ለሐኪሙ ምርቃት አልሰስትም፤ እጁን አላህ ይባርከው። ያን ቀን ጠዋት ከአልጋዬ ልነሳ ወደ ቀኝ ስገለበጥ ክፍሉ ተሽከረከረብኝ። ጣሪያው ከሥሬ፣ ወለሉ ከላዬ ሆነ። የአልጋውን ጠርዝ ጨብጬ «መጨረሻዬ ደረሰ» ብዬ ሸሃዳዬን ሁሉ አልኩ። ሐኪሙ ግን ራሴን ይዞ ወዲያና ወዲህ አዟዙሮ፣ አጋድሞ፣ መልሶ አስቀመጠኝና «ከጆሮዎ ውስጥ ቦታዋን የለቀቀች ደቃቅ ነገር ናት፤ ተመልሳለች» አለኝ። መሽከርከሩ ቆመ። ቤተሰቡ ለሠፈሩ ጣፋጭ አከፋፈለ።

ሁሉም ዳነ አሉ። እኔም ዳንኩ አልኩ። ውሸቴን ነበር።

መሽከርከሩ ይሂድ እንጂ ጭራውን ትቶብኛል። ስራመድ መሬቱ እንደ ጥጥ ፍራሽ ይሰረጉዳል። ገበያ ውስጥ ሰው ሲተራመስ ዓይኔ ይደክማል። የከፋው ግን ቀና ማለት ነው፤ አገጬን ትንሽ ከፍ ካደረግኩ የምይዘው ነገር እፈልጋለሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? አንገቴ ፈሪ ሆነ።

ለሌላ ሰው ቀና አለማለት ምንም አይደል። እኔ ግን እርግብ አብራሪ ነኝ። እዚህ ሕንድ፣ ላክናው ከተማ፣ በአሮጌው ሠፈር፣ ከአባቴ የወረስኩትን መንጋ ከቤታችን ጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ ሳበርር ነው ጺሜ የሸበተው። እርግብ አብራሪ ሰማይ ካላየ ምን ሊያይ ነው? ልጄ ሻዳብ ደግሞ ቁርጡን ነግሮኛል።

«አባ፣ አንዴ ደግሞ ቢያዞርዎት እርግቦቹን ለጀምሼድ እሰጣቸዋለሁ። የጣሪያው አጥር ከጉልበት አያልፍም። እኔ አባቴን ከመንገድ ላይ አልለቅምም።»

ጀምሼድ ጎረቤቴ ነው፤ እሱም እርግብ አብራሪ ስለሆነ ባላንጣዬም ነው። እርግቦቼን በሱ ጣሪያ ላይ ከማይ ዓይኔ ቢጠፋ ይሻለኛል። ስለዚህ አፌን ዘጋሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው ለሌላ ሰው የተተረተ መሰለኝ።

ዘዴም አበጀሁ። እርግቦቹ የሚጠጡበትን ሰፊ ሳህን ውኃ እሞላና ከፊቴ አስቀምጠዋለሁ፤ ሰማዩን እዚያ ውስጥ አያለሁ። መንጋው በውኃው ላይ ሲያልፍ አፏጫለሁ። ከታች ፉጨቴን የሰማ ሁሉ ደህና ነው ይላል።

አንድ ቀን ባለቤቴ ቁድሲያ ልብስ ልታሰጣ ወጣች።

«የሻዳብ አባት፣ ሰማዩ ሳህን ውስጥ ወረደ እንዴ?»

«ውኃው ንጹሕ መሆኑን እያየሁ ነው።»

«ዕድሜዎን ሙሉ ሰማይ ሰማይ ሲያዩ የኔን ፊት ረስተውታል። እስቲ ዛሬ ቀና ብለው ይዩኝ!»

ሞከርኩ። አገጬ በቅጡ ሳይነሳ ጣሪያው ተንሸራተተብኝና የልብስ ማስጫውን እንጨት ያዝኩ።

«አደራሽን፣ ለሻዳብ እንዳትነግሪው» አልኳት።

እርጥቡን ልብስ ሳታሰጣ እንደታቀፈች ወረደች። አለቀልኝ አልኩ። ቁድሲያ ከተጋባን ጊዜ ጀምሮ እርግቦቼን «ጣውንቶቼ» ነው የምትላቸው፤ ኩሳቸው ልብሷ ላይ ባረፈ ቁጥር የአባቴን አጽም ሳይቀር ትሰድባለች።

በማግስቱ ሪክሾ ተሳፍራ ብቻዋን ወጣች፤ የት እንደሄደች አልነገረችኝም። አርብ ከሶላት በኋላ ሻዳብ ጀምሼድን አስከትሎ ጣሪያው ላይ መጣ። ጀምሼድ ትልቅ ቅርጫት አንጠልጥሏል።

«አባ፣ ደረጃውን ግድግዳ ተደግፈው ሲወጡ አይቼዎታለሁ» አለ ሻዳብ።

«ተሰዱቅ ወንድሜ፣ አትዘን» አለኝ ጀምሼድ በስሜ ጠርቶኝ፣ ፊቱ እየበራ። «እንደ ልጆቼ ነው የምይዛቸው። ሲናፍቁህ ከጣሪያህ ላይ ሆነህ ታያቸዋለህ።»

ቁድሲያ እያለከለከች ከኋላቸው ስትወጣ ሳይ ደስታዋን ልትካፈል መጣች ብዬ አሰብኩ።

«ቅርጫቱ ምንድን ነው?» አለች።

«እማዬ፣ አንቺ አይደለሽም እንዴ ዘመንሽን ሙሉ አውጡልኝ ስትዪ የኖርሽው?» አላት ልጇ።

«ብያለሁ። ኩሳቸውን አሁንም እጠላለሁ። ግን ሐኪሙ ዘንድ ሄጄ ጠየቅኩት። በሽታው ሄዷል፣ የቀረው ጦሱ ነው፣ ፈርተው አንገታቸውን በደበቁ ቁጥር ይቆይባቸዋል አለኝ። ሰው ይዟቸው በየቀኑ ቀስ እያሉ ቀና ይበሉ፣ ጭንቅላታቸው ይለምደዋል አለኝ። ታዲያ አባትህን ከነዚህ ጣውንቶቼ በቀር ምን ቀና ያደርጋቸዋል?» ወደ ጀምሼድ ዞረች። «ከበሽተኛ ራስጌ መድኃኒት ይወሰዳል እንዴ፣ ወንድሜ? ቅርጫትዎን ሽንኩርት ይግዙበት።»

ጀምሼድ እያጉረመረመ ወረደ። ሻዳብ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

«ቢወድቁስ?»

«እኔ ምን ልሠራ ነው ታዲያ?» አለችና ከኋላዬ መጥታ ሸሚዜን ወገቤ ላይ ጨምድዳ ያዘች። «በሉ እንግዲህ፣ ቀና ይበሉ።»

አገጬን ጣት ያህል አነሳሁ። ላብ አጠመቀኝ፤ ጣሪያው ተወዛወዘ። አጥብቃ ያዘችኝ። ትንሽ ጨመርኩ፣ ደግሞ ትንሽ። በመጨረሻ ከሠፈሩ መስጊድ ሚናሬት በላይ መንጋዬን አየሁት፤ ፀሐይ ሲመታው ነጭ፣ ሲታጠፍ ጥቁር። እንባዬ መጣ። በኛ ቤት ባል ሚስቱን አመስግኖ አያውቅም፤ አባቴም አላደረገው፣ አያቴም አላደረገው።

«ቁድሲያ» አልኩ፣ «አመሰግንሻለሁ። አላህ ያቆይልኝ።»

አፍንጫዋን ስትስብ ሰማኋት።

«ዝም ብለው ወደ ላይ ይዩ» አለችኝ።

እስከ ዛሬ ትንሽ ትንሽ ያወዛውዘኛል። እሷም እስከ ዛሬ፣ ማምሻ ማምሻውን፣ ኩሳቸውን እየረገመች ከኋላዬ ትቆማለች።