የማያስቸግር ልጅ

የሕፃኑ ራስ ግማሹ ተላጭቶ ግማሹ ሲቀር ሼህ አብዱልመናን ምላጩን ከፍ አድርገው ያዙ። ግቢውን የሞላው ዘመድ ወሬውን አቆመ። በሩ አጠገብ የታሰረው፣ ለልጁ አቂቃ የሚታረደው በግ ብቻ ይጮሃል።

«ምላጭ ራሱ ላይ ሲሄድ የማይነቃ ልጅ አይቼ አላውቅም» አሉ ሽማግሌው በመጨረሻ። የተላጨውን ቆዳ በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው ለቀቁት። «ደግሞም ቢጫ ነው።»

«ሸራው ነው» አሉ የሕፃኑ እናት የሱሃይላ አማት፣ እማ ከሪማ፣ ፈጠን ብለው። «ሁላችንም ቢጫ ሆነን የለም እንዴ? የእርስዎ ጀለቢያስ?»

እውነታቸውን ነው። የሱሃይላ ባለቤት ኡበይደላ ለስም ማውጫው ቀን ከጎረቤት ተውሶ የወጠረው ሸራ ቢጫ ነበር፤ የአዳማ ፀሐይ በእሱ ውስጥ አልፎ የሰዉን ሁሉ ፊት አንድ መልክ ሰጥቶታል። እንግዳው የየራሱን መዳፍ እያየ ሳቅ ሳቅ አለው። ሱሃይላ ግን አልሳቀችም። ልጇን በደህና ብርሃን እንዳላየችው ያን ጊዜ ነው ትዝ ያላት።

እንዴት ትየው? ከሆስፒታል የተመለሱ ዕለት እማ ከሪማ ከቡልቡላ ደረሱ፤ ሻንጣቸውን ሳይፈቱ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ቸነከሩ፣ አምፖሉንም በሻሽ ጋረዱ። አራስ ምች ይመታታል፣ ሕፃን ዐይን ይበላዋል። ይህን የሚሉት ለወጉ ያህል አልነበረም። ኡበይደላን ከመውለዳቸው በፊት የበኩር ልጃቸውን በጨቅላነቱ ቀብረዋል፤ ውሃ ልትቀዳ የገባች ሴት «እንዴት ያምራል» ብላ በወጣች ማግስት ነው የሞተው ይላሉ። እንዲህ ያለችን እናት መጋረጃ ክፈቱ ብሎ የሚሟገት ማን ነው?

ነርሷ ስታሰናብታት «ቶሎ ቶሎ አጥቢው፤ ተኝቶም ከሆነ ቀስቅሰሽ» ብላት ነበር። ሱሃይላም መጀመሪያ ላይ ሞክራለች። ጨርቁን ገልጣለታለች፣ የእግሩን መዳፍ ኮርኩራለታለች።

«የተኛ ሕፃን ይቀሰቀሳል እንዴ?» አሉ እማ ከሪማ፣ እጇን በቀስታ እየመለሱ። «መላኢካዎች እያጫወቱት ነው። ተይው። አንቺም ጋደም በይ።»

ጋደም አለች። ልጁ ተኛ፣ እሷም ተኛች፤ ጎህ ሳይቀድ ሚኒባስ ተሳፍሮ ዱከም ፋብሪካ የሚገባው ኡበይደላም እንቅልፉን ጠገበ። ሰፈሩ ቀናባቸው። ግድግዳ የምትጋራቸው ዋፊቃ «እኔ ሳይረን ነው የወለድኩት፤ እናንተ ምን ብታደርጉ ነው?» እያለች ትቀልድ ነበር። ያላለቀሰ ልጅ ጡት አይጠባም ይባላል። ሰው ይህን የሚለው አፉን ዘግቶ መብቱን ላስቀረ አዋቂ ነው እንጂ፣ ስለ ልጅ መሆኑን ማንም ልብ አይለውም።

ሱሃይላ ደስ ብሏት ነበር። አሁን ሸራው ሥር ተቀምጣ አንጀቷን የሚበላት ይህ ነው። ጡቷ ድንጋይ እስኪሆን ግቶ፣ ቀሚሷ በወተት ርሶ ትነቃና ልጁ ዝም ማለቱን ስትሰማ አልሀምዱሊላህ ብላ ተመልሳ ትተኛ ነበር።

ብድግ ብላ ልጁን ከሼሁ ጭን ወሰደችው።

«ወዴት ነው?» አሉ እማ ከሪማ። «አራስ ነሽ እኮ፣ ልጄ! ፀሐዩን አታይም?»

ከሸራው ወጥታ፣ በጉን አልፋ፣ ደጅ ቆመች። ነፋሱ አቧራ እያነሳ ነበር። በቀኑ ብርሃን የራሷ እጅ እንደ ድሮው ጠይም ነው፤ ልጁ ግን ቢጫ እንደሆነ ቀረ። የዐይኑን ቆብ በጣቷ ገለጥ አደረገችው። ነጩ እርድ የነካው ጨርቅ መስሏል።

«ኡበይደላ» አለች። እሱም ፊቷን አይቶ ወደ መንገዱ ሮጠ።

የጎረቤታቸው የጫምሳ ባጃጅ ነበር የተገኘው። ጫምሳ አንዴ ወደ ኋላ ዞሮ አያቸውና «አብሽሪ፣ አይዞሽ እህቴ» ብሎ ነዳው። ሱሃይላ ጡቷን ልጁ አፍ ውስጥ ከተተች። ወተቱ በከንፈሩ ጠርዝ እየፈሰሰ አንገቱ ሥር ገባ። ፀሐዩ በባጃጁ ጎን ገብቶ ፊቱ ላይ ሲያርፍ አጠገቧ የተቀመጡት እማ ከሪማ እንደ ልማዳቸው ሻሻቸውን ዘርግተው ጋረዱት። ትንሽ ቆይተው፣ ማንም ሳይናገራቸው፣ ሰበሰቡት።

ሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ «ስሙ?» አለች። ኡበይደላ አፉን ከፈተና ዘጋው። ስሙ ራሱ ተላጭቶ ካለቀ በኋላ ነበር የሚጠራው። «በእናቱ ይሁን እንግዲህ» አለች ልጅቱ። የሱሃይላ ልጅ ተባለ።

ዶክተሯ ወጣት ናት። ልጁን ገላልጣ አየችው፣ ግማሽ የተላጨ ራሱን ስታይም አልጠየቀችም።

«በቀን ስንቴ ይጠባ ነበር?»

«ሲነቃ» አለች ሱሃይላ።

«ስንቴ ይነቃ ነበር?»

«ጨዋ ልጅ ነው፣ ዶክተር» አሉ እማ ከሪማ። «አያስቸግርም።»

ዶክተሯ ቀና ብላ አየቻቸው። የተቆጣች አትመስልም ነበር። «እናቴ፣ ጨዋነት አይደለም። ሲርበው የሚያለቅስበት አቅም አጥቶ ነው። ምግብ አልደረሰውም፣ ቢጫውም ገፍቶበታል። ቢጫነቱን የሚቀንስ ብርሃን ውስጥ እናስቀምጠዋለን።»

እማ ከሪማ «ብርሃን» የሚለውን ቃል ቀስ ብለው ደገሙትና ግድግዳውን ተደግፈው ቁጢጥ አሉ።

«ይድናል?» አለ ኡበይደላ።

«ዛሬን እንየው።»

ልጁን ይዘውት ገቡ። ነርሷ ሱሃይላን ኮሪደሩ ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ከሌሎች እናቶች ጋር አስቀመጠቻት። «ብርታት ሲያገኝ ያለቅሳል፤ ያኔ ገብተሽ ታጠቢዋለሽ» አለቻት።

ከበሩ ወዲያ ለቅሶ አይቋረጥም። አንዱ ሲጀምር ሴቶቹ ሁሉ ቀና ይላሉ፤ ወዲያው አንዷ «የኔ ነው» ብላ ትነሳለች፣ የቀሩት ይመለሳሉ። አንድም ጊዜ አይሳሳቱም። አጠገቧ የተቀመጠችው፣ ፋና የምትባል ሴት ወሬዋን ሳታቋርጥ፣ በአንድ ጆሮዋ ሰምታ፣ «ይቺ የኔዋ ናት፣ ቁጡ ናት» እያለች ገብታ ትመለሳለች። ሱሃይላ እያንዳንዱን ለቅሶ አንገቷን አቅንታ ታዳምጣለች። ወፍራሙንም ታዳምጣለች፣ የሚቆራረጠውንም።

ፀሐይ ዘወር ሲል ሌላ ለቅሶ መጣ። ቀጭን ነው፣ አየር የሚያጥረው ዓይነት። ሴቶቹ ቀና አሉ። ማንም አልተነሳም። እርስ በርስ ተያዩ።

«ያንቺ ነው?» አለቻት ፋና።

የሱሃይላ ቀሚስ ደረቷ ላይ መራስ ጀምሯል።

«አላውቀውም» አለች።

ተነስታ ወደ በሩ ሄደች። ሳትደርስ ለቅሶው ቆመ። እጇን በሩ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ማንም አልጠራትም። ወዲህ ሴቶቹ ያይዋታል፣ ኡበይደላም ከኮሪደሩ መስኮት ዞሯል።

«አልቅስ» አለች ሱሃይላ በሩን በግንባሯ ተደግፋ፣ ለራሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «አልቅስልኝ፣ ልጄ። አስቸግረኝ።»