ጠማማዋ ቅጠል

«እጀ ወርቅ ነበሩ እኮ! ከእንግዲህ እንደሳቸው ያለ ከየት ይመጣል?» አለች ፋርማሲስቷ፣ የሟቹን ሚስት እጅ እንደያዘች።

የሟቹ ልጅ የሻይ ብርጭቆ ስትሰበስብ ሰማችና ጎንበስ እንዳለች ቀረች። አይ የሰው አፍ! ከቀብሩ ወዲህ ይህን ሳይል የወጣ ለቀስተኛ የለም። ያ የተመሰገነ እጅ ግን ማንኪያ እንኳ አፍ ሳይደርስ ማፍሰስ ከጀመረ ቆይቶ ነበር። ይህን የሚያውቁት እሷና እናቷ ብቻ ናቸው።

አባቷ ከቤታቸው ጋር በተያያዘው የወርቅ ሱቁ ፊት ተቀምጦ ከደንበኛ ጋር ሲቀልድ፣ እሷ ከኋላ ባለችው ጓዳ በሩን ከውስጥ ቀርቅራ ሰም ትቀርጽ ነበር። ቀለበት መጀመሪያ በሰም ተቀርጾ ያልቃል፤ ከዚያ ጭቃ ለብሶ እሳት ይገባል፤ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ በቦታው ወርቅ ይፈስበታል። ሰሙ ላይ ያለች ጭረት ሁሉ ወርቁ ላይ ትወጣለች።

«ትንሽ ታገሺኝ፤ ሥራው ያንቺ መሆኑን አንድ ቀን እነግራቸዋለሁ» ይላት ነበር አባቷ። ወይ አንድ ቀን! ሳይነግራቸው ሄደ።

«የልጄ ቀለበትስ?» አለች ፋርማሲስቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሰሙ ተቀርጾ አልቆ ነበር?»

እናት ልጇን አየቻት። «አልቋል።»

«እስቲ ልየው። ሌላ ሰው እንዳይነካብኝ አደራ።»

«አምጪላት እንጂ፤ ምን ይገትርሻል?» አለ አጎቷ። «ሱቁንም ሐዘኑ ሲወጣ ለሚገዛ ሰው እናስረክባለን። ወንድሜ ከሌለ ማን ሊሠራበት ነው?»

«እኔ» ልትለው ፈለገች። ብትናገር አባቷ፣ አፈሩ ገና ሳይደርቅ፣ ውሸታም ይባላል። ዝም ብትል የምትሠራበት ወንበር ይሸጣል። ብርጭቆዎቹን አስቀምጣ ወደ ጓዳው ገባች።

የሰሙ ቀለበት መስኮቱ ሥር እንዳለ ነው። ዙሪያውን የሚዞረው ሐረግ የእሷ ሥራ ነው፤ አንዲት ቅጠል ስትቀር። በመጨረሻው ጠዋት አባቷ «ይቺን ለኔ ተዪልኝ፤ የራሴ እጅ ናፈቀኝ» ብሎ የሰም መቅረጫ መርፌውን ተቀበላት። ቅጠሏ ከእጁ ጋር ተንቀጥቅጣ፣ ጫፏ ጠማማ ሆና ወጣች።

«እንዴት ናት?»

«ታምራለች፣ አባዬ።»

«ውሸታም! እኔን ነው የወጣሽው» ብሎ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

እናቷ ተከትላት ገባችና በሩን ዘጋች። ቅጠሏን አየች። «አስተካክያት» አለች በሹክሹክታ።

«እማዬ፣ የሱ እጅ ያረፈባት እኮ ይቺ ብቻ ናት!»

«ይህን መች አጣሁት?» እናት ዓይኗን ጨፈነች። «ሰው ፊት አታሳጪው፣ ልጄ። በሞቴ።»

ልጅቱ መርፌዋን አሞቀች። እጇ ዝንፍ አላለም፤ እንደዚያን ጊዜ እጇን ጠልታው አታውቅም። ጠማማዋን ጫፍ ልጣ አነሳችና ቀጥ ያለች፣ ሰው ሁሉ የአባቷ ናት የሚላት ዓይነት ቅጠል አወጣች።

ፋርማሲስቷ ልጅቱ ያመጣችላትን ቀለበት ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ አለቀሰች። «አያችሁ? እስከ መጨረሻዋ ቀን ያው እጅ! ይሄን ከሳቸው ሌላ ማን ይሠራዋል?»

«ማንም አይሠራውም» አለች ልጅቱ።

ከዚያ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ከጠማማዋ ቅጠል የተላጠችውን የሰም ፍርፋሪ ከመዳፏ ወደ ጥቁር ሻርፗ ጫፍ አዛወረች፣ ቋጠረቻት፣ ቋጠሮውንም እንዳይፈታ በጥርሷ አጠበቀችው።