በጋኑ ላይ ያለችው ስንዝር

አብዱልቃዲር በአሰበ ተፈሪ በብየዳ ስሙን የተከለ ሰው ነበር። ከገለምሶ እስከ ሂርና የተሰበረ ብረት ሁሉ እሱ ዘንድ ይመጣል። በ1959 ዓ.ም. ክረምት፣ በአቶ አያና ሳሙና ፋብሪካ ግቢ ቆሞ ሥራው ሲፈተሽ ግን እንደ ጀማሪ ፈርቶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሳሙና መቀቀያውን ትልቅ የብረት ጋን ኮስቲክ ሶዳ ከውስጥ በልቶት ስለነበር፣ አብዱልቃዲር በኒኬል ብየዳ ሁለት ድርብ አድርጎ ለበጠው። ኒኬልን ሶዳ አይደፍረውም። የታችኛውን ድርብ ሊጨርስ አንድ ስንዝር ሲቀረው ግን ከድሬዳዋ የመጣው የኒኬል መበየጃ ዘንግ እንደማይበቃ አየ። አቶ አያና ደግሞ ጋኑን የሚፈትሸው የመንግሥት መርማሪ ሳይመጣ ጨርስ እያሉ አናቱ ላይ ቆመዋል። ስም የተከለ ሰው ‘አለቀብኝ’ ማለት ይከብደዋል፤ ይህ የበያጆች ሁሉ በሽታ ነው። ያቺን ስንዝር በተራ የብረት ዘንግ ሞላና ኒኬሉን ከላይ ስስ አድርጎ አለበሳት።

ማንም አላየም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣ። ስሱ ኒኬል ያለቀ ቀን የሚፈላው ሶዳ ተራውን ብረት በስቶ ይወጣል። ከስንዝሯ ትይዩ ቆሞ እሳት የሚያነደው ደግሞ ታናሽ ወንድሙ በድሪ ነው።

ከአዲስ አበባ የተላከው ወጣት መርማሪ ይልቃል፣ በድምፅ የሚፈትሽ መሣሪያ ይዞ መጥቶ፣ ጋኑን ከውጭ ከሳሙናው በሚወጣው ዝልግልግ ግሊሰሪን ቀባው። በመሣሪያውና በብረቱ መሀል አየር ከገባ ድምፁ አያልፍም። ከዚያ ከመሣሪያው ጋር በሽቦ የተያያዘችውን ትንሽ መፈተሻ ብረቱ ላይ አስጠጋ። የሰው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ በብረቱ ውስጥ ሄዶ ክፍተት ካገኘ ይመለሳል፤ በመሣሪያው ትንሽ መስታወት ላይ ያለችው መስመርም ትዘላለች።

ያግኘው እንጂ፣ አለ አብዱልቃዲር በሆዱ። መሣሪያው ካጋለጠው እሱ መናገር አይጠበቅበትም። መፈተሻዋ ወደ ስንዝሯ ስትቀርብ እሱም ተጠጋ። ደረሰች፤ አለፈች። መስመሯ አልዘለለችም።

«እጅዎ ይባረክ፤ አንድም ክፍተት የለውም» አለ ይልቃል፣ ወረቀቱን ሊፈርም እየተዘጋጀ።

«በድሪ፣ ሰኞ እሳት ታነዳለህ» አሉ አቶ አያና።

አብዱልቃዲር የይልቃልን ጠመኔ ወሰደና በብረቱ ላይ የስንዝሯን ቦታ ከበበ። «ወላሂ፣ እዚህ ጋ ከሥር ተራ ብረት ነው። እኔው ነኝ የሠራሁት።»

ይልቃል ደግሞ ፈተሸ። አሁንም ንጹሕ ነው።

«መሣሪያው ያላየውን አንተ ከየት አየኸው?» አሉ አቶ አያና። «ዋጋ ልትጨምርብኝ ነው?»

«መሣሪያው የሚሰማው ክፍተትን ነው» አለ ይልቃል ቀስ ብሎ። «ሁለት ብረት በደንብ ከተያያዘ ዓይነቱን አይለይም።»

አብዱልቃዲር ተነሣ። መሮና መዶሻ ይዞ ጋኑ ውስጥ ገባ፤ ያን የሚኮራበትን ብየዳ እየፈለፈለ እስከ ታችኛው ድርብ አወረደው። ሲጨርስ ስንዝሯንም ዙሪያዋንም በጨው ውሃ አርሶ ወጣ። ኒኬል በጨው ውሃ አይዝግም፤ ለተራ ብረት ግን አንድ ሌሊት ይበቃዋል።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም አጎንብሰው አዩ። ዙሪያው ነጭ እንደሆነ ነው፤ ስንዝሯ ብቻ ዝጋለች። ይልቃል ያልፈረመውን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተ። አቶ አያና ከእንግዲህ ግቢዬን እንዳትረግጥ አሉት፤ አብዱልቃዲርም እሺ ብሎ ዕቃውን ሰበሰበ። ቀለል ብሎት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽም ኮርቶ ነበር።

በድሪ በሩ ላይ ጠበቀው።

«መቼ ነው ያወቅኸው?» አለው በኦሮምኛ።

«የሠራሁት ዕለት።»

በድሪ በጣቶቹ ቆጠረ። «ዘጠኝ ቀን ነው» አለ። «ዘጠኝ ቀን ከአንድ ሳህን አብረን በላን።»

ቀድሞትም ብቻውን ወደ ቤት ሄደ።