ባነሩ ላይ ያለው ልጅ

ከፊት ወንበር ነዋ፣ ሌላ የት ሊያስቀምጡት ኖሯል፣ ጋሽ ኤልያቄም የአርበኛ ልጅ አይደል፣ የአባቱን ኒሻን ደረቱ ላይ ደርድሮ፣ እግሩን አጣምሮ፣ ውሃውን እንኳ ክዳኑን ከፍተው ነው የሚያቀብሉት፣ ጠጣ፣ ጉሮሮህን አርጥብ፣ ዛሬ ትናገራለህ።

ግቢው ሞልቷል። የዕድሩ ድንኳን፣ የዕድሩ ወንበር፣ ከአራቱም የኮንዶሚኒየሙ ብሎክ የወረደ ሰው፣ ለቅሶ ቤት ይመስላል፣ ለቅሶም አይደል። የካቲት አሥራ ሁለት ነው፣ ጣልያን የጨረሳቸውን በየዓመቱ እናስባለን፣ ዘንድሮ ግን ወረዳው በአንድ ድንኳን ሁለት ሐዘን ብሎ ደርግ የጨረሳቸውንም ደረበበት፣ ጥሩ ነው፣ ሟች ከሟች አይጣላም። ጎፈር የደፋ ሰውዬ ይፎክራል፣ ጎፈሩ ላስቲክ ነው፣ ዘራፍ ባለ ቁጥር ማይኩ ሲጥ ይላል፣ ልጆች ይስቃሉ፣ እኔም በሆዴ እስቃለሁ። ከዚያ ደግሞ የወረዳው ሰው ይነሳል፣ የተከበራችሁ እንግዶች፣ የጀግኖቻችን ተጋድሎ፣ ለልማታችን ስንቅ፣ እያለ ወረቀቱን ያነባል፣ ምን እንዳነበበ ራሱም አያውቅ።

ጨርስልኝ። ባነሩ ይፈታልኝ።

ፍትዊ ወንድሜ ነው፣ ነበር ማለት አልወድም። ከኤልያቄም ጋር አንድ ዴስክ፣ አንድ ሲጋራ ለሁለት፣ አንድ ሸሚዝ በፈረቃ፣ እናቴ ሁለቱንም ልጆቼ ነበር የምትላቸው። የደርግ አሰሳ የወጣ ዕለት አንዲት ላንድሮቨር እዚህ ቆመች፣ እዚህ ማለት አሁን ልብስ የሚሰጣበት፣ ያኔ በራችን ነበር፣ መስታወቱ ዝቅ አለ፣ አንድ ጣት ወጣች፣ ወደ ፍትዊ ጠቆመች፣ ገባች። ፊት የለም። ጣት ብቻ። ጫፏ የጎደለ ጣት። የኤልያቄም ጣት ናት፣ ልጅ ሆኖ በእኛ በር ነው የተቆረጠችበት፣ እናቴ ናት በነጠላዋ ጫፍ ያሰረችለት። ፍትዊን ወሰዱት፣ ጠዋት ሜዳ ላይ ተጥሎ አየነው፣ እናቴን እንዳታለቅሺ አሏት፣ ጥርሷን ነክሳ ወጥ አማሰለች። እሷም ብዙ አልቆየች።

ደርግ የወደቀ ጊዜ ለምስክርነት ጠርተው ጠየቁኝ፣ ፊቱን አይተሻል ወይ አሉኝ፣ አላየሁም አልኩ፣ ያኔ መዋሸት አልችልም ነበር። አሁን እችላለሁ።

ሙደሲር የወረዳው ባህል ቢሮ ልጅ ነው፣ ጨዋ፣ ጫማውን በር ላይ የሚያወልቅ፣ ባለፈው ሳምንት ቤቴ መጥቶ፣ እትዬ አባዲት፣ የሰማዕት ቤተሰብ ሁሉ ፎቶ እያመጣ ነው፣ አሳድገን በባነር እናሳትማለን አለኝ። ምን ፎቶ አለኝ፣ እናቴ ያኔ አሰሳውን ፈርታ ሁሉንም አቃጥላዋለች፣ ያልተቃጠለ ማን ቤት አለ፣ ከማርያም ሥዕል ጀርባ የተረሳች አንዲት ብቻ ቀረች። ሁለት ልጆች፣ ሁለት አፍሮ፣ ቦላሌ ሱሪ፣ እጃቸው በትከሻ ለትከሻ። የትኛው ናቸው አለኝ። እውነቱን ልነግረው ነበር፣ በማርያም፣ አፌን ከፍቼ ነበር፣ ግን የዚያን ዕለት ጠዋት ደረጃ ላይ አግኝቶኝ እንዴት አደርሽ ብሎኛል ያ ሰውዬ፣ ሲያልፍም ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኛል፣ በዚያችው ጣት። ይሄኛው፣ አልኩት። ኤልያቄምን ጠቆምኩለት። ቆንጆ ነበሩ፣ አለ ሙደሲር። ቆንጆ ነበር፣ አልኩ።

ማን ያውቅብኛል። ሰፈሩ ሲፈርስ የድሮው ሰው ተበትኗል፣ የቀረው ዕጣ የወጣለት መጤ ነው፣ የእነዚያን ልጆች ፊት ለይቶ የሚያውቅ እሱና እኔ ብቻ ነን። ባነሩ ሲፈታ የራሱን ፊት ያያል፣ ከሥሩ ሰማዕት ፍትዊ ተብሎ። ይሄ እኔ ነኝ ካለ ሰው ሁሉ ወደኔ ይዞራል፣ እኔም ማይኩን ተቀብዬ የጣቷን ነገር እነግራቸዋለሁ። ዝም ካለ ደግሞ ሞቶ ይቀመጥ፣ በልጅ ልጁ ፊት ለራሱ ሬሳ ሻማ ያብራ። በየትም ቢሄድ አያመልጠኝም።

ተፈታ። ነፋስ አወዛወዘው፣ ቀጥ አለ። ትልቅ ነው፣ ቁመቱ በር ያህላል፣ አፍሮው፣ የሸሚዙ ኮሌታ፣ ያ ግማሽ ፈገግታ። እየው። እየው እንጂ። አየው። ጠርሙሱ ከእጁ ወደቀ፣ ልጅ ልጁ ደላዊት አባባ ብላ ጎንበስ ስትል አላያትም፣ አንገቱን ወደኔ አዞረ፣ ቀስ ብሎ፣ እኔም አልሸሸሁትም፣ ዓይኑን ሞልቼ አየሁት፣ ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የሕሊና ጸሎት ተባለ፣ ቆምን፣ ተቀመጥን። አሁን የሟች ስም ሲጠራ ቤተሰቡ ‹አለ› ብሎ ይመልስ አለ ሙደሲር። ሰማዕት ፍትዊ። አፌን ገጠምኩ፣ እሱ ይመልስ። ሰማዕት ፍትዊ፣ ደገመው፣ ሰዉ ወደኔ አየ፣ ምስኪን እንባ አነቃት ብለው ይሆናል።

አለ።

ማነው ያለው። እሱ ነው። ተነሳ፣ ኒሻኖቹ እየተንቃጨሉ ወደ ባነሩ ሄደ፣ ሻማ አበራ፣ ማይክ ተቀበለ፣ ልጅነታችንን አብረን ነው ያሳለፍነው አለ፣ ወንድሜ ማለት ነው አለ፣ ከእሱ የተሻለ ልጅ ልደታ አላበቀለችም አለ፣ የራሱን ጉንጭ ሳመ፣ አለቀሰ። እውነተኛ እንባ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ፣ ያ የወረዳ ሰውዬ እንኳ መነጽሩን አወለቀ። አጨበጨቡለት። ማይኩ ወደኔ መጣ። ምን ልበል፣ እሱ አይደለም ልበል፣ ማን ሰጠው ፎቶውን፣ እኔ፣ በወንድሟ ሬሳ ቀለደች ይሉኛል፣ ጃጀች ይሉኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ መለስኩት። ይሁን፣ ሞቷል፣ በገዛ አፉ አለ ብሎ ሞቷል፣ የበቀሌ ግማሹ ይበቃኛል።

ሙደሲር መጣ፣ አመሰገነኝ፣ ፖስታ ዘረጋልኝ፣ ዋናዋን ፎቶ ልመልስልዎት ብሎ። እጄ ሳይደርስ ደላዊት ልይ ልይ ብላ ቀማችው፣ ሥርዓት የላትም፣ ዘሩ ነው። አባባ፣ ከፍትዊ ጋር ያለው ይሄ ሌላኛውስ ማነው?

ስለ ሌላኛው ልጅ ማንም አይጠይቅም ብዬ አስቤ ነበር። ለምን እንደዚያ አሰብኩ።

ኤልያቄም ፎቶዋን ተቀበላት፣ ከዓይኑ አራቀ፣ አቀረበ። ፍትዊን አየው። ከዚያ እኔን አየኝ፣ ቅድም እኔ እንዳየሁት፣ ዓይኑን ሞልቶ። እኔ ነኝ፣ አላት።

አንተ? የወጣትነት ፎቶ የለኝም ትለኝ አልነበር? እንዴ አባባ፣ እንዴት ታምር ነበር! ስልኳን አወጣች፣ ቀጭ፣ ደግማ ቀጭ፣ አሳድጌ ሳሎን እሰቅለዋለሁ አለች፣ የእነሱ ሳሎን ከኔ መስኮት ትይዩ ነው፣ መጋረጃ አይዘጉም፣ ማታ መብራታቸው ይበራል፣ ግድግዳቸው ይታየኛል፣ ወንድሜ ገዳዩን ሆኖ፣ የገዳዩ ልጅ ልጆች አባባ ሲሉት፣ አይሆንም፣ ንገሪያት፣ አሁን ንገሪያት፣ ፍትዊ ይሄ ነው በያት፣ ያኛው ባነር ላይ ያለውስ ማነው ትለኛለች፣ ሰው ሁሉ ከቦናል፣ ሻማው ይነዳል፣ እሱ ቆሞ ይጠብቃል፣ ይፈልጋል እንዴ፣ እንድናገር ይፈልጋል እንዴ፣ አይመስልም፣ ከንፈሩ ዳር ያ ግማሽ ፈገግታ አለ።

እትዬ አባዲት፣ አለችኝ ደላዊት፣ ፎቶውን ፊቴ ላይ ይዛ፣ እርስዎ ያውቁታል፣ እውነት አባባ ነው?

ፎቶው ላይ ፍትዊ ይስቃል። ጥርሱ ይታያል። ሰው ሁሉ መልሴን ይጠብቃል።

አዎ የኔ ልጅ፣ እላታለሁ፣ አያትሽ ነው።